«ቦርደርላይን» ስንል

«ቦርደርላይን» የሚባለውን የአእምሮ ሕመም አንዳንዶች «የድንበር ሕመም» ይሉታል። ቢቸናና ሞጣ ላይ ድንበር ሲባል ግን የእርሻ ወሰን ነው ትዝ የሚለው። «ቦርደርላይን» የሚለውን ስም አዶልፍ ስተርን የተባለ ሐኪም በ1938 እ.ኤ.አ. የተጠቀመበት በኒውሮሲስ (በጭንቀት መሰል ሕመም) እና በሳይኮሲስ (ከእውነታ በሚያርቅ ሕመም) መካከል ላያቸው ታካሚዎች ነበር፤ አመዳደቡ ሲቀር ስሙ ሰነበተ። «አመለኛ» ማለት ደግሞ ይብሳል፣ በሽተኛውን ጥፋተኛ ያደርጋል። ጠዋት እህቷን «ካንቺ ሌላ ማን አለኝ» ብላ ያቀፈች ልጅ፣ ማታ ስልክ ሳይነሳላት ሲቀር «ጣልሽኝ» ብላ ራሷን እስከመጉዳት ልትደርስ ትችላለች። ይህ ስቃይ እንጂ አመል አይደለም! እኔ «የስሜት አለመርጋት ሕመም» ብንለው እመርጣለሁ፤ ያልረጋ ሊረጋ ይችላልና። ዋናው ሕክምናም መድኃኒት ሳይሆን፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ማርሻ ሊነሃን እንደቀረጸችው ያለ፣ ስሜትን መግራት የሚያስተምር የንግግር ሕክምና ነው፤ ብዙዎች ይሻላቸዋል።