ለትምህርት ቤት ቦርድ የሚታጭ ሰው ከመመረጡ በፊት ምን ይጠየቅ?

የወላጆች ጉባኤ ሲጠራ የቦርድና የኮሚቴ አባላት ምርጫ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው በአጀንዳው መጨረሻ ላይ ነው። ሰው ወደ ቤቱ ለመሄድ ሲነሣ አንድ ስም ይጠራል፤ «ይሁን» ይባላል፤ እጅ ይወጣል። እጩው ስለ ትምህርት ያለውን አቋም አይጠየቅም፤ እርሱም አይናገርም። በዚህ አኳኋን የተመረጠው ሰው ግን የትምህርት ቤቱን ዕቅድ ይመረምራል፤ ከሣር፣ ከባሕር ዛፍና ከእርሻ የሚገኘው ገቢ በምን ላይ እንደሚውል ይወስናል፤ ትምህርት ያቋረጡ ልጆችን ጉዳይ ይከታተላል። አርሶ አደሩ በሬ ሲገዛ ጥርሱን አይቶ፣ አስነድቶ፣ የሻጩን ጎረቤት ጠይቆ ነው። ለልጁ ትምህርት ቤት የሚሾመውን ሰው ግን ሳይጠይቅ ያሳልፋል።

በአገራችን ኅብረተሰቡ በትምህርት ቤት አመራር የሚሳተፍበት ሥርዓት መሠረቱ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። ፖሊሲው የትምህርት አመራር ወደ ታች እንዲወርድና ኅብረተሰቡ ድርሻ እንዲኖረው አደረገ። ዝርዝሩን ያወጣው ደግሞ ትምህርት ሚኒስቴር በ1994 ዓ.ም. ያዘጋጀው የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና የፋይናንስ መመሪያ ሲሆን፣ የወረዳና የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርዶች እንዲሁም የወላጅና መምህር ኅብረት የተደራጁት በዚህ መሠረት ነው። ኅብረቱ ከጊዜ በኋላ ተማሪዎችንም አካቶ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት፣ በአጭሩ «ወተመህ» ሆኗል።

ሁለቱ አካላት በአነጋገር ይቀላቀላሉ፤ በየመንደሩም «የትምህርት ቤት ኮሚቴ» እየተባሉ ይጠራሉ። ልዩነታቸው ግን ግልጽ ነው። የቀበሌው ቦርድ ከቀበሌ አስተዳደር፣ ከርእሰ መምህሩ፣ ከመምህራን፣ ከወላጆች፣ ከሴቶችና ከወጣቶች የተውጣጡ አባላት ያሉት ሲሆን፣ የተወሰኑት በያዙት ኃላፊነት፣ ሌሎቹ በውክልና ይገባሉ። ወተመህ ግን ወላጆች በጉባኤ በቀጥታ የሚመርጡት፣ ለዕለት ተዕለቱ ሥራ የቀረበ አካል ነው። ስለዚህ እጩው የሚወዳደረው ለየትኛው እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በእጁ ያለውና የሌለው

የእጩን አቋም ለመመዘን ቦርዱ ምን ማድረግ እንደማይችል ማወቅ ይቀድማል። ሥርዓተ ትምህርቱንና የትምህርት ካላንደሩን ቦርዱ አያወጣም፤ ካላንደሩ የክልሉ ትምህርት ቢሮ ሥራ ነው። መምህር የሚቀጠረውና ደመወዙ የሚከፈለው በወረዳው በኩል ሲሆን፣ ለትምህርት የሚመደበው የወረዳ በጀት አብዛኛው ክፍልም ለዚሁ ደመወዝ ይውላል። ስለዚህ «ከተመረጥሁ የሒሳብ መምህር አስቀጥራለሁ» ወይም «ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስከፍታለሁ» የሚል እጩ በእጁ የሌለውን ነገር ቃል እየገባ ነው። የሒሳብ መምህር መጓደሉን በጽሑፍ ለወረዳው ማሳወቅና እስኪሟላ ድረስ መወትወት ግን የቦርዱ ሥራ ነው። ያንን አደርጋለሁ የሚል እጩ፣ ንግግሩ ባያምርም፣ ሥራውን ያውቀዋል።

ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ ለጠመኔ፣ ለመጽሐፍ መደርደሪያና ለተሰበረ ወንበር መጠገኛ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ቀሪው የሚሸፈነው በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ ከሚላከው የትምህርት ቤት ድጎማ፣ ከኅብረተሰቡ መዋጮና ከትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ ነው። የቦርዱ ትክክለኛ ጉልበት ያለውም እዚህ ላይ ነው።

የሣሩ፣ የባሕር ዛፉና የመሬቱ ሒሳብ

ብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች የሣር ቦታ፣ የባሕር ዛፍ ተክል ወይም የእርሻ መሬት አላቸው። በወረቀት ሲታይ ሀብት ነው፤ በአሠራር ግን ብዙው ይባክናል። ሣሩን እንውሰድ። ለድርቆሽ የሚሆን ሣር መታጨድ ያለበት ማበብ በሚጀምርበት ጊዜ ሲሆን፣ ይህም በአብዛኛው ደጋና ወይና ደጋ አካባቢ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ይውላል። ዘሩን ካራገፈና ግንዱ ከጠነከረ በኋላ የምግብ ይዘቱ ይወርዳል፤ ገዢም ዋጋ ይቀንሳል። ኮሚቴው በአዲሱ ዓመት ተሰብስቦ ጨረታ እስኪያወጣ ኅዳር ከገባ፣ ትምህርት ቤቱ የሚሸጠው ሣር ሳይሆን ገለባ ይሆናል። እጩው የሣሩ ጨረታ መቼ ይውጣ ቢባል «ነሐሴ ውስጥ ተዘጋጅቶ መስከረም ላይ» ካለ ጉዳዩን ያውቃል ማለት ነው።

ባሕር ዛፍም እንዲሁ ነው። ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ በየጥቂት ዓመቱ ገቢ ይሰጣል። ችግሩ ያለው በአሻሻጡ ላይ ነው። ተክሉ ቆሞ ሳለ፣ ሳይቆጠርና ሳይለይ በጅምላ ሲሸጥ ትርፉ የነጋዴው ነው። ቋሚ፣ ወራጅ፣ ማገርና አጣና የሚሆነው ተለይቶ፣ ተቆጥሮና የገበያው ዋጋ ተጠይቆ የመነሻ ዋጋ ቢወጣለት ልዩነቱ ቀላል አይሆንም። ለእኩል የሚሰጥ የእርሻ መሬት ካለም፣ ምን እንደተዘራና ስንት ኩንታል እንደተገኘ በአውድማው ላይ ተገኝቶ የሚመዘግብ የኮሚቴ አባል ያስፈልጋል። በኋላ በአራሹ ቃል ብቻ የሚያዝ ምርት ሁልጊዜ «ዘንድሮ አልሆነም» የሚባልለት ነው።

ገንዘብ ሲገባ በሕጋዊ ደረሰኝ፣ እህል ወይም ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22 መመዝገብ አለበት። እነዚህን ቅጾች አይቶ የማያውቅ እጩ ሊማር ይችላል፤ ነውርም አይደለም። «እኛ እርስ በርሳችን እንተማመናለን፤ ወረቀት ምን ያደርጋል» የሚል እጩ ግን አስቀድሞ መልሱን ሰጥቷል። ገቢና ወጪው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ሲያበቃ፣ ሌላው ሰኔ ላይ፣ በትምህርት ቤቱ በር ላይ እንዲለጠፍና ለወላጅ እንዲነበብ ይስማማ እንደሆነ በግልጽ ቢጠየቅ መልካም ነው።

ከዚህ ጋር የሚነሣው የመዋጮ ጉዳይ ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በነጻ የሚሰጥ ሲሆን፣ መዋጮ በኅብረተሰቡ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው «ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄ ከደረጃ በታች ያሉ ትምህርት ቤቶችን ለማሻሻል የኅብረተሰቡን አቅም ያስተባበረ ሲሆን፣ በየቦታው ክፍሎች ተገንብተዋል፤ ወንበሮች ተሠርተዋል። ነገር ግን መዋጮ ያልከፈለ ወላጅ ልጁ እንዳይመዘገብ ሲደረግ፣ ፈቃድ የተባለው ግዴታ ይሆናል። እጩው ገንዘብ ለሌለው ወላጅ ምን አማራጭ እንዳሰበ ይናገር። ድንጋይ ማቅረብ፣ አጥር ማጠር፣ በምርት ጊዜ እህል መስጠት ሁሉም መዋጮ ነው።

ልጁ የት ነው ያለው?

የትምህርት ዘመኑ መስከረም ላይ ይጀምራል። ጥቅምት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ጤፉ፣ ስንዴውና ማሽላው የሚሰበሰብበት ጊዜ ነው። በደቡብ ወሎና በሰሜን ሸዋ የበልግ አብቃይ ወረዳዎች ደግሞ የካቲትና መጋቢት የዘር፣ ሰኔ የአጨዳ ወር ነው። የሁለቱ ካላንደሮች መጋጨት የታወቀ ነው፤ ቢሆንም በየዓመቱ እንደ አዲስ ይገጥማል። ልጅ ሦስት ሳምንት አጨዳ ላይ ውሎ ሲመለስ ክፍሉ ሦስት ምዕራፍ አልፎታል፤ ፈተናው ሲደርስም «አይገባኝም» ብሎ ይቀራል።

በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት እጩ አለ። አንዱ ወላጁን ይወቅሳል፤ ልጁን ያስቀረ ይቀጣ ይላል። ሌላው «ምን ይደረግ፣ ኑሮ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም አይጠቅሙም። የሚጠቅመው የቀበሌውን የምርት ጊዜ ከርእሰ መምህሩ ጋር አስቀድሞ የሚያሰላ፣ የቅዳሜ ማካካሻ ትምህርት የሚያስይዝ፣ ወላጆች በደቦ ተራ ገብተው ልጆች ቢያንስ ግማሽ ቀን እንዲማሩ የሚያግባባ ሰው ነው። ደቦና ወንፈል ለአጨዳ ካገለገሉ ለትምህርትም የማያገለግሉበት ምክንያት የለም።

የሴቶች ልጆች ጉዳይ ለብቻው መጠየቅ አለበት። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ በመንፈቀ ዓመቱ ፈተናና በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት መጀመሪያ መካከል ከመዝገብ የሚጠፉ ስሞችን ያየ ሰው ምክንያቱን አያጣውም። የጋብቻ ዝቅተኛው ዕድሜ 18 ዓመት ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ያለዕድሜ ጋብቻ ልጅቱ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል ይላል። ይሁን እንጂ ዳኛው ፊት ከመድረሱ በፊት ነገሩን የሚሰማው ጎረቤት ነው። የቦርድ አባል ዘመዱ ሲድር ምን ያደርጋል? ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው፤ በጉባኤ ፊት ሊጠየቅም ይገባዋል። ለሴት ተማሪዎች የተለየ መጸዳጃ ቤት፣ ውኃና የንጽሕና መጠበቂያ መኖሩም ከዚሁ ጋር ይነሣል። በየወሩ አራት ቀን የምትቀር ልጅ በዘጠኝ ወር ውስጥ 36 ቀን ትምህርት ያልፋታል።

ምገባ በተጀመረባቸው ትምህርት ቤቶች እህል አሰባሰቡ ላይ እንጂ አቀማመጡ ላይ ብዙ አይታሰብም። ባቄላና ሽምብራ ሳይደርቅ ከተከተተ ይሻግታል፤ ደርቆም በተራ ጆንያ ከተቀመጠ ነቀዝ ይበላዋል። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት ነቀዙን ያለ መድኃኒት ይከላከላል። ልጆች የሚበሉትን እህል በኬሚካል ከማሸት ይህ ይሻላል።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተከሠተው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ጉዳት የደረሰባቸውም አሉ። በእነዚህ አካባቢዎች የቦርድ አባል የመጀመሪያ ሥራ ወንበሩን፣ መጽሐፉንና የተማሪዎችን መዝገብ ማስጠበቅ ነው። መዝገብ የጠፋበት ልጅ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ የሚያስረዳለት የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ መካሄድ አለበት ይላል፤ እጩው የማንም ደጋፊ ቢሆን ይህን ከግቢው በር መልስ እንደሚያከብር ይናገር።

ውጤትን በተመለከተ የአገሪቱ ሁኔታ ይታወቃል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። ይህ ችግር 12ኛ ክፍል ላይ የተፈጠረ አይደለም። ሦስተኛ ክፍል ደርሶ አንድ ገጽ አንብቦ ያልጨረሰ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ላይ በመምህር ብዛት አይድንም። እጩው ስለ ፈተና ውጤት ከመናገሩ በፊት በትምህርት ቤቱ አንድ መጽሐፍ ለስንት ልጅ እንደሚደርስ፣ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል መምህራን የሥራ ላይ መገኘት እንዴት እንደሚያዝ ጠይቆ ቢመጣ ይመረጣል።

በውጭ አገር ዘመድ ያላቸው ሰዎች ስለ አሜሪካ የትምህርት ቦርድ ምርጫ ይሰሙ ይሆናል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሜሪላንድ ግዛት ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ትምህርት ቤቶቹ ለወላጆች በአማርኛ ጭምር መረጃ ይሰጣሉ፤ የቦርዱ አባላት በሕዝብ ድምፅ ይመረጣሉ፤ አንዱ አባል ደግሞ በተማሪዎች የሚመረጥ ተማሪ ነው። የእነርሱ ቦርድ ሥልጣን ከእኛው እጅግ የሰፋ በመሆኑ ማነጻጸሩ ብዙ አያስኬድም። ሊወሰድ የሚችለው ልማድ እጩ በሕዝብ ፊት ቆሞ መጠየቁ ነው፤ ይህ ገንዘብም መመሪያም አይጠይቅም። ተማሪው በወተመህ ውስጥ ያለው መቀመጫም ለቁጥር ማሟያ እንዳይሆን፣ ስብሰባው ከትምህርት ሰዓት ውጭ መጠራት አለበት።

ለጉባኤው የሚሆነው አሠራር ቀላል ነው። ምርጫው በአጀንዳው መጀመሪያ ይቀመጥ፤ የእጩዎች ስም ከሳምንት በፊት በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድና በገበያ ይነገር፤ እያንዳንዱ እጩ ስለ ገቢው፣ ስለ ምርት ጊዜውና ስለ ሴቶች ልጆች አቋሙን በአጭሩ ይናገር። የተናገረው በቃለ ጉባኤው ይስፈር፤ በሰኔው ጉባኤም ሒሳቡ ከመቅረቡ በፊት ይነበብ። ስለ ሒሳቡ ቅሬታ ያለው ወላጅ በመጀመሪያ ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ፣ መልስ ካጣ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይችላል።