ሐዲዱ የቆመባት ከተማ፤ ድሬ ዳዋና የመንግሥታት ፖሊሲ ንጽጽር

በዚህ ዓመት ትምህርታቸውን ከሚፈጽሙት ታላላቅ ጓደኞቻችን መካከል ጥቂቶቹ፣ የመንግሥታትን ፖሊሲ እያነጻጸረ የሚመረምረውን ትምህርት ለሁለተኛ ዲግሪ ሊማሩ አስበዋል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲመርጡ ስንሰማ የስዊድንን የጡረታ ሕግ ከእንግሊዝ፣ የጀርመንን የጤና መድን ከአሜሪካ ጋራ ማስተያየት ይቀናቸዋል። አንፈርድባቸውም፤ ይህ ትምህርት በ1960ዎቹ ራሱን ችሎ መቆም የጀመረው በአውሮፓና በአሜሪካ ስለ ሆነ፣ መጻሕፍቱም ምሳሌያቸውን የቀዱት ከዚያው ነው። (ዘመኖቹን ሁሉ የምንጽፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።) ነገር ግን ድሬ ዳዋ ላይ ላደግን ለእኛ፣ ከለገሃሩ በር ቆሞ ግራና ቀኝ ለሚመለከት ሰው ለአንድ የማስተርስ ጽሑፍ የሚበቃ፣ ምናልባትም የሚተርፍ ነገር እንዳለ ይሰማናል።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል በ1835 ዓ.ም. ባሳተመው የሎጂክ መጽሐፉ ሁለት የማነጻጸሪያ መንገዶችን አስረድቷል። አንደኛው በብዙ ነገር የሚመሳሰሉትን ወስዶ ውጤታቸው ስለ ምን እንደ ተለያየ መጠየቅ ነው፤ ሁለተኛው የማይመሳሰሉትን ወስዶ ስለ ምን በአንድ ነገር እንደ ተገናኙ መጠየቅ ነው። ለመጀመሪያው መንገድ ከባሕር ተነሥተው ወደ ምሥራቅ አፍሪቃ ደጋ ከሚወጡት ከሦስቱ ሐዲዶች የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። አንዱ ከምጽዋ ወደ አስመራ፣ አንዱ ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ፣ አንዱም ከጅቡቲ ወደ እኛ የመጣው ነው። ዘመናቸው የተቀራረበ፣ የሚያልፉበት ቆላም ተመሳሳይ ሲሆን፣ የተለያየው ገንዘቡን ያወጣውና ትእዛዙን የሰጠው ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በመጋቢት 1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ፈቃድ ለ99 ዓመት የሚጸና ነበር። መስመሩም በሦስት ክፍል ታስቦ ነበር፤ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ። የንጉሠ ነገሥቱ አሳብ ለመረዳት አያዳግትም፤ ግምጃ ቤታቸውን ዕዳ ውስጥ ሳይነክሩ፣ የባዕድ መንግሥትንም ከአገር ሳያስገቡ፣ በግል ኩባንያ ገንዘብ ባቡር ማስመጣት ነው። ይህ የሆነው ከዐድዋ ጦርነት ሁለት ዓመት በፊት መሆኑን ስናስታውስ ጥንቃቄው ከየት እንደ መጣ ይገባናል።

ኢልግና ባልንጀራው ፈረንሳዊው ሌዎን ሼፍኔ ኩባንያ አቋቁመው ሥራው በ1890 ዓ.ም. በጅቡቲ ተጀመረ። ይሁን እንጂ ገንዘቡ ገና ከበረሃው ሳይወጡ ማጠር ጀመረ። የእንግሊዝ ባለ ገንዘቦች አክሲዮን መግዛት ሲጀምሩ የፈረንሳይ መንግሥት ደነገጠ፤ በ1894 ዓ.ም. ለኩባንያው በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ሊሰጥ ተዋዋለ፤ በዚያውም በኩባንያው ላይ እጁን አስገባ። ምኒልክ ፈቃዱን የሰጡት ለኩባንያ እንጂ ለመንግሥት አልነበረምና እጅግ ተቈጡ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ሐዲዱ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ከሐረር ተራራ ግርጌ ደረሰ። ወደ ሐረር መውጣት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ስለ ነበረ ሐረር ቀረች፤ በሜዳው ላይ የተቈረቈረችውም ከተማ አዲስ ሐረር ተባለች። ከዚያ በኋላ ሥራው ስድስት ዓመት ያህል ቆመ።

እንግዲህ ድሬ ዳዋን ከተማ ያደረጋት ይህ መቆም ነው ብንል የተጋነነ አይመስለንም። ባቡሩ ሳያቋርጥ ወደ አዲስ አበባ ቢያልፍ ኖሮ ውሃ የሚቀዳባት ጣቢያ ሆና ትቀር ነበር ይሆናል። የመጨረሻ ጣቢያ በመሆንዋ ግን የሐዲዱ መጋዘንና የጥገና ሥራ ቤት፣ ጉምሩክ፣ የግሪክ፣ የአርመን፣ የዓረብና የህንድ ነጋዴዎች ሁሉ እዚሁ ሰፈሩ። የሐረርም ንግድ ቀስ በቀስ ቍልቍል ወረደ። የአያቶቻችን እንጀራ የተገኘው ከኩባንያው ኪሳራ ነው ማለት ነው፤ ይህን በልጅነታችን የነገረን ሰው አልነበረም።

በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ስለ ኢትዮጵያ እርስ በርሳቸው ሲዋዋሉ፣ እስከ አዲስ አበባ የሚዘልቀው ሐዲድ ለፈረንሳይ እንዲሆን ተስማሙ። ኩባንያው ከወደቀ በኋላ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዲስ ፈቃድ ለሐኪማቸው ለዶክተር ቪታሊያን ሰጡ፤ በዚሁ የተቋቋመው የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ኩባንያ ሐዲዱን በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ አገባው። ኢትዮጵያ የኩባንያውን ግማሽ ድርሻ የያዘችው በ1952 ዓ.ም. በተደረገው ውል ነው።

የሞምባሳው ታሪክ ሌላ ነው። ሥራው በ1888 ዓ.ም. ተጀምሮ ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው ሐዲድ በታኅሣሥ 1894 ዓ.ም. ከሐይቁ ደረሰ። እዚያም ገንዘቡ ከታሰበው በላይ ሄዶ ከ5 ሚሊዮን ፓውንድ አልፏል። ነገር ግን የለንደን ፓርላማ እያጕረመረመ ከፈለ፤ ሐዲዱም አልቆመም። ከህንድ ከመጡት 32,000 ያህል ሠራተኞች 2,500 ያህሉ ሞተዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ባቡሩ ወጪውን እንዲችል ተብሎ የደጋው መሬት ለነጭ ሰፋሪዎች ታደለ። ስለዚህ ፍጥነቱን አይቶ የመንግሥት ገንዘብ ይሻላል ብሎ የሚፈርድ ተማሪ፣ ሒሳቡን በመጨረሻ የከፈለው መሬቱን የተነጠቀው ገበሬ መሆኑን መርሳት የለበትም። ስለ ምጽዋው ብዙ አንልም፤ የሮማ መንግሥት ገንዘብ ስለ ነበረ፣ አጭሩ መስመር እየተጓተተ በ1904 ዓ.ም. አስመራ ገባ።

በእኛ አስተያየት ከዚህ ንጽጽር የሚወጣው ጥያቄ፣ የግል ኩባንያ ይሻላል ወይስ መንግሥት የሚለው የተለመደው ክርክር አይደለም። ገንዘቡ በሁሉም ዘንድ አጥሯል። ልዩነቱ ባጠረ ጊዜ የጎደለውን የሞላው ማን ነው የሚለው ነው፤ የሞላው አዛዥ ሆኗልና። ይህን ከፈቃዱ ወረቀት ላይ ብቻ የሚያነብ አያገኘውም፤ በ1886ቱ ውል ውስጥ የፈረንሳይ መንግሥት የለም።

ከተሞቹም ቢነጻጸሩ መልካም ነው። ናይሮቢ በ1891 ዓ.ም. የሐዲድ ሠራተኞች ሰፈር ሆና ተጀምራ የአገር ዋና ከተማ ለመሆን በቃች፤ መኖሪያዋ ግን በቅኝ ገዥው እጅ እንደ ዘር ተከፋፈለ። ድሬ ዳዋ ላይ ከዚራን ቀጥ ባለ መንገድና በጥላ ዛፍ የቀየሰው ኩባንያው ነው፤ ከደቻቱ ማዶ መጋላ ነጋዴው እንደ ፈቀደው አደገች። ሁለቱን የሚለየው አሸዋማ ወንዝ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ጕዳቱ በሁለቱ ሰፈር እኩል አልነበረም። የሰፈር ፕላን ፖሊሲ መሆኑን እኛ የተማርነው ከዚያ ነው።

የሚልን ሁለተኛ መንገድ ለሚሻ ደግሞ ያለፉት ዓመታት ምሳሌ ሰጥተዋል። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚደርሰው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ኬንያ የሞምባሳና ናይሮቢን አዲስ ባቡር አስመረቀች። በፊት ሁለቱ በተለያየ መንገድ የሄዱ ሲሆን አሁን ግን ለሁለቱም ያበደረው አንድ የቻይና ባንክ ነው። ኬንያ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ለሐዲዱ ቀረጥ ጥላ፣ በኋላም የወደቡ ጭነት ወደ ባቡር እንዲዞር ስታዝ ባለ ካሚዮኖቹ ተቃወሙ። የእኛ መንግሥት በ2010 ዓ.ም. መገባደጃ የ10 ዓመቱን ብድር መክፈያ ወደ 30 ዓመት አስረዘመ። ባለቤትነቱ በዚህ ጊዜ ከመጀመሪያው የእኛ ነው፤ ዕዳውም እንዲሁ። ምኒልክ የሸሹት አንዱን ነበር፣ ያጡት ሌላውን።

አዲሱ ጣቢያ የተሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ሐዲዱ የት ይለፍ፣ ጣቢያው የት ይሁን ብሎ የወሰነው ማን እንደ ሆነ፣ በ1996 ዓ.ም. በቻርተር አዋጅ የቆመው የድሬ ዳዋ አስተዳደርስ በውሳኔው ምን ድርሻ እንደ ነበረው ለመመርመር ለሚነሣ ጓደኛ፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርናት ጥቂት ፈረንሳይኛ ለአሮጌው ኩባንያ ወረቀት ትጠቅመዋለች። አሮጌው ለገሃር በግንባሩ ላይ ስሙን እስከ ዛሬ በፈረንሳይኛ እንደ ጻፈ ነው። ለአዲሱ ውል ግን ቻይንኛ የሚያውቅ ጓደኛ ቢፈልግ ይሻለዋል።