የተዋናይቷ ድርሻ፦ ከመድረክ እስከ ቴሌቪዥን መስኮት

ኪነ ጥበብ ለሴት የሰጠው ስፍራ የሚመዘነው በመድረክ ላይ በመታየቷ ብቻ አይደለም። ምን ሆና እንደታየችና ቃሏን ማን እንደጻፈላትም መጠየቅ ይገባል። የኢትዮጵያ ቴአትርና የቴሌቪዥን ድራማ ታሪክ በዚህ ዐይን ሲመረመር፣ የሴቷ ጉዞ ብዙዎች ከሚገምቱት ይልቅ ረጅምና አድካሚ ሆኖ ይገኛል።

የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በ1913 ዓ.ም. ገደማ ለተመልካች በቀረበ ጊዜ በዙፋኑ ላይ የነበሩት ሴት፣ ንግሥት ዘውዲቱ ነበሩ። ተውኔቱ የዘመኑን አስተዳደር በምሳሌ በመተቸቱ ታገደ። እገዳው ከተነሣ በኋላም ቢሆን ለብዙ ዓመታት የሴት ገጸ ባሕርያትን ሆነው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በአደባባይ የሚዘፍንና የሚጫወት ሰው «አዝማሪ» ተብሎ ይናቅ ነበር፤ ሴት ስትሆን ደግሞ ንቀቱ በክብሯ ላይ ከሚነሣ ሐሜት ጋር ይደረብባታል።

ይህን ግድግዳ ካፈረሱት መካከል በ1940ዎቹ ዓ.ም. ወደ መድረክ የወጡት ሰላማዊት ገብረ ሥላሴና አስናቀች ወርቁ ይጠቀሳሉ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር መድረክ የሴትን ድምፅ ከሴት አንደበት አሰማ። አስናቀች ክራራቸውን ይዘው በኋላም በብሔራዊ ቴአትር ሠርተዋል። መስከረም 2004 ዓ.ም. ሲያርፉ በአንድ ወቅት ያስነቀፋቸው ሙያ የአገር ቅርስ ተብሎ ይነገርለት ነበር።

የሴቷ ብዕር ግን ከትወናው ብዙ አልዘገየም። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩት ወይዘሮ ሰንዱ ገብሩ ተውኔት እየጻፉ ለመድረክ ያበቁ ነበር፤ «የልቤ መጽሐፍ» የተሰኘው ሥራቸውም በ1942 ዓ.ም. ታትሟል። ሆኖም ይህ ጅማሬ ከትምህርት ቤት አጥር ወጥቶ በታላላቆቹ ቴአትር ቤቶች ዘንድ ልማድ ለመሆን አልታደለም።

ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥርጭቱ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ ብዙ የራቀ አልነበረም። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የሚገኙት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ለዋና ከተማይቱ ወተትና ቅቤ፣ ማገዶና የሰው ጉልበት ሲመግቡ የኖሩ ናቸው። ከተማይቱም በበኩሏ ምስል ላከችላቸው። ታዲያ በዚያ ምስል ውስጥ የእነዚህ ከተሞች ሴት ምን ሆና ታየች?

ብዙውን ጊዜ የታየችው የቤት ሠራተኛ ሆና ነው። «ከገጠር የመጣች» ትባላለች፤ በር ትከፍታለች፣ ቡና ታፈላለች፣ የእመቤቷን ምሥጢር ሰምታ ትወጣለች። አማርኛዋ አፍ በፈታችበት በኦሮምኛ የተቃኘ ከሆነ አነጋገሯ ለሳቅ ይውላል። ስሟ ቢጠራ እንኳ የአባቷ ስም አይነገርም፤ ከሥራ ስትባረርም ወዴት እንደሄደች የሚያሳይ ትዕይንት እምብዛም አይጻፍም።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በአሜሪካ ጥቁሯ ድምፃዊትና ተዋናይት ኤቴል ዋተርስ፣ ቴሌቪዥን ገና በሙከራ ላይ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1939 በስሟ በተሰየመ ዝግጅት ቀርባ ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1950 በተጀመረው «ቢዩላ» በተባለው ተከታታይ ድራማ የተሰጣት ድርሻ የአንድ ነጭ ቤተሰብ አገልጋይነት ነበር። ዳያን ካሮል በ«ጁሊያ» ድራማ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ነርስ ሆና የታየችው ከ18 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ቫዮላ ዴቪስ በድራማ ዘርፍ የመሪ ተዋናይትነትን የኤሚ ሽልማት ከጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆና የተቀበለችው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ነበር፤ በዚያም ምሽት ባልተጻፈ ድርሻ መሸለም እንደማይቻል ተናግራለች።

አባባሏ ለእኛም ይሠራል፤ ነገሩ የሚፈታው በብዕር ነውና። ተዋናይት፣ ገጣሚና ጸሐፌ ተውኔት ዓለምፀሐይ ወዳጆ ትወናንና ድርሰትን በአንድ እጅ ይዞ መሄድ እንደሚቻል በአገር ቤትም በስደትም አሳይተዋል። በአዳነች ወልደ ገብርኤል የተደረሰው «ገመና» የተባለ ተከታታይ ድራማም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀርቦ፣ በሴት የተጻፈ ታሪክ ሕዝብን በየሳምንቱ በጉጉት ሊያስጠብቅ እንደሚችል አረጋግጧል።

የቤት ሠራተኛን ገጸ ባሕርይ መጻፍ ነውር አይደለም፤ ኑሮዋ እውነት ነው። የሚያስነቅፈው በሩን ከከፈተች በኋላ የምትናገረው ማጣቷ ነው። ሱሉልታ ላይ ማታ ቴሌቪዥን ከፍታ የምትቀመጥ ሴት፣ እሷን መሰሏ ስትገባ መሳቂያ ብቻ ሆና ካየቻት የራሷን ቤት እንግዳ አድርገውባታል ማለት ነው። የዛሬ ደራስያን፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ ለዚያች ልጅ የአባቷን ስም፣ የመጣችበትን መንደርና የምትሄድበትን መንገድ ሊጽፉላት ይገባል።