ኧረ መላ መላ፦ የፒያሳ ሌሊት ያተረፈልን ሸክላ

በአራዳ ጊዮርጊስ ቅጽር ሌሊቱን ማኅሌት ቆመው የሚያነጉት ካህናት፣ ከዚያም ብዙ ሳይርቅ ውቤ በረሃ በተባለው ሠፈር ዘፈንና ብርሌ ይዘው ያነጉ የነበሩት አራዶች፣ በመልክም በግብርም የማይገናኙ ሁለት ጉባኤያት ቢሆኑም፣ የአዲስ አበባን ጆሮ ተባብረው ገርተውታል ለማለት እደፍራለሁ። አንደኛው ልብን በሚያራራው አራራይ፣ ሁለተኛው በእንጉርጉሮና በትዝታ ያስተማሩን ነገር ቢኖር፣ ሐዘንን ጥዑም ዜማ ከተሸከመው ሰው የማይሸሸው፣ እንዲያውም ከቤቱ ወጥቶ፣ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ሌሊቱን ሠውቶ የሚፈልገው ነገር መሆኑን ነው። ዛሬ የማወሳው የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» የተሰኘ ሸክላ የዚህ ትምህርት ፍሬ ነው፤ ስለምን እንደሚማርክ ለመረዳትም ከሸክላው አስቀድሞ ሠፈሩን ማየት ይገባል።

አራዳ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የከተማይቱ ገበያ የቆመበት፣ አዋጅ የተነገረበት፣ እቴጌ ጣይቱ ሆቴላቸውን የከፈቱበት፣ አርመኑ፣ ግሪኩና ህንዱ ከሐበሻው ጋር ትከሻ ለትከሻ የነገዱበት ሥፍራ ነበረ። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን የሐበሻውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ሥፍራ ሲያዛውረው፣ አራዳን በራሱ ቋንቋ ፒያሳ አለው፤ ወራሪው ሲሄድ ስሙ ቀረ። ከወረራው በፊት በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር በዚሁ ሠፈር ከትሞ፣ ማሲንቆውንና ክራሩን ከገጠር መንደርና ከጠጅ ቤት አውጥቶ በመድረክ ላይ አስቀመጣቸው። ከዚያም ቀደም ብሎ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር፣ የናስ መሣሪያን በከተማይቱ አስለምደው ነበር፤ የመምህሩ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በኋላ የሐበሻን ቅኝት ለትልልቅ የሙዚቃ ጓዶች እያቀነባበሩ አንድ ትውልድ ሙሉ ሙዚቀኛ አሠልጥነዋል። እንግዲህ ካህኑ፣ አዝማሪው፣ አርመኑና የክብር ዘበኛው ጥሩምባ ነፊ በአንድ ኮረብታ ጥግ ተገናኙ ማለት ነው። ከዚህ የሚወለድ ዜማ ከየትም ሀገር ዜማ ጋር ሊመሳሰል አይችልም ነበር።

ዜማው ግን ለረዥም ጊዜ የሚታተምበት አጥቶ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ድንጋጌ ሸክላ ማሳተምንና ማስመጣትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተተወ መብት አድርጎት ስለነበረ፣ የክብር ዘበኛው ባንድ፣ የፖሊሱ ባንድና የምድር ጦሩ ባንድ በየክበቡ የሚጫወቱት አዲሱ ዘፈን ከሬዲዮ ሞገድ ጋር በኖ የሚጠፋ ሆነ። ይህን አጥር ደፍሮ የዘለለው አምሃ እሸቴ የተባለ የሙዚቃ ቤት ባለቤት ነው። አቶ አምሃ በሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ የሚገኙ ወጣት ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ ድንጋጌው እንዳልተሻረ እያወቁ የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ ቀድተው፣ ክሩን ወደ ህንድ ልከው አሳትመው አስመጡት፤ ሸክላው ወዲያው ተወደደ፤ የሚከሳቸውም አልተገኘ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከመቶ የሚበልጡ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችና ደርዘን የሚያህሉ ባለ ሙሉ አልበም ሸክላዎች አወጡ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው። ከተከታዮቹ መካከል አሊ ታንጎ በሚል ቅጽል የሚታወቁት የካይፋ ሪከርድስ ባለቤት አሊ አብደላ ካይፋ ይገኙበታል። የሹማምንቱ ዝምታ ፈቃድ ይሁን ቸልታ መወሰን አይቻለኝም፤ ሕግ አንዳንድ ጊዜ የሚሞተው ተሽሮ ሳይሆን ተረስቶ ነውና።

ማሕሙድ አሕመድ (ዘፋኝን «አንተ» ማለት በሀገራችን የፍቅር ምልክት ነውና አንባቢ ይፍቀድልኝ) እ.ኤ.አ. በ1941 በመርካቶ ተወለደ። ልጅነቱን ጫማ በመጥረግና ያገኘውን ሥራ ሁሉ በመሥራት አሳልፎ፣ በኋላ አሪዞና በተባለው የሌሊት ክበብ ተላላኪ ሆኖ ተቀጠረ። የክብር ዘበኛ ባንድ ሙዚቀኞች ከሥራቸው በኋላ ወደዚያ ክበብ ጎራ ይሉ ስለነበረ፣ አንድ ምሽት ዘፋኝ በጎደለ ጊዜ ያ ተላላኪ ወጣት መድረክ ላይ ወጥቶ የጥላሁን ገሠሠን ዘፈኖች ዘፈነ፤ ድምፁም እዚያው ወደ ክብር ዘበኛ ባንድ አስገባው። ከዚያ በኋላ ወደ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል በንጉሠ ነገሥቱ ጓድ ውስጥ ኖረ። ወታደራዊ ባንድ ትንፋሽን መቆጠብ፣ ከነፊዎቹ ጋር መጠበቅና መግባት ያስተምራል፤ የጠጅ ቤቱ ዜማ ደግሞ ድምፅን እንደ ፈለጉ ማርገብገብን። ማሕሙድ ሁለቱንም ይዞ ወጣ።

«ኧረ መላ መላ» በካይፋ ስም የታተመው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ንጉሡ ከዙፋናቸው ከወረዱ ገና ዓመት የሚያህል ጊዜ ነው፤ የክብር ዘበኛው ባንድ ዘመን አልቋል፤ ከማሕሙድ ጀርባ የቆሙት አሁን ወታደሮች ሳይሆኑ አይቤክስ ባንድ የተባሉ ወጣቶች ናቸው፤ ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ ጊታር፣ ሰላም ሥዩም በጊታር፣ ፈቃደ አምደ መስቀል በሳክስፎን። ትልቁ ሸክላ በደቂቃ ሠላሳ ሦስት ጊዜ የሚሽከረከር፣ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ጥቁር ሳህን ሆኖ፣ በየፊቱ አንዳንድ ዘፈን ብቻ እንደሚችለው እንደ ትንሹ አርባ አምስት ዘፋኙን አያጣድፈውም። መርፌው በጠርዙ ላይ ሲያርፍ አስቀድሞ ደረቅ ጭረት የመሰለ ጫጫታ ይሰማል፤ ከዚያ ባንዱ ይገባል። ቤዙ አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ ሳይሰለች ይደጋግማል፤ ሳክስፎኑ በክፍተቱ መካከል ይመልሳል፤ አድማጭ ትከሻውን ማንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ የማሕሙድ ድምፅ ከላይ ይመጣል፤ አንዱን ቃል ወደ ላይ ሰቅሎ፣ እያርገበገበ፣ ሊያወርደው የተቃረበ መስሎ እንደገና ይሰቅለዋል። የታች አካል ይጨፍራል፤ ላይኛው ልብ ያለቅሳል። ድግምግሞሹ ሲረዝም የሰዓት ስሜት ይጠፋል፤ ይህም በወረብ ጊዜ መቋሚያና ጸናጽል ተደጋግመው ሲወርዱ፣ ቅኔ ማኅሌት የቆመ ሰው ከሚያውቀው ነገር እጅግ የራቀ አይደለም።

ሊቃውንተ ሙዚቃ ምሥጢሩን በቅኝት ይፈቱታል። የሀገራችን ቅኝቶች፣ ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺ ሆዬም፣ በአምስት ድምፅ የተሠሩ ናቸው፤ ከእነዚህም አንቺ ሆዬ ሁለት ጊዜ እጅግ ጠባብ የግማሽ ድምፅ ርቀት ስለሚገኝበት፣ ከፈረንጁ መሰላል ጋር የለመደ ጆሮ ሲሰማው እርምጃ እንደ ሳተ ሰው ይደነግጣል። ከአምስት ድምፅ ጠባቡ ከሰፊው አጠገብ ሲቀመጥ ዜማው ሊያርፍ የፈለገበት ሥፍራ ሁሉ አጠራጣሪ ይሆናል፤ ሐዘንም ከዚያ ይመነጫል። ነገሩ ግን ቅኝት ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንኛውም በእነዚህ ቅኝቶች የተዘፈነ ዘፈን እንደዚህ ሸክላ በማረከን ነበር። እኔ እንደማስበው ማራኪነቱ ያለው ሐዘኑን ከሚያራምደው ኃይል ላይ ነው፤ እንጉርጉሮ ብቻውን ሰውን ያስቀምጣል፣ ጭፈራ ብቻውን ያደክማል፣ ሁለቱ በአንድ ሸክላ ላይ ሲታገሉ ግን አድማጭ ከሁለቱም ወገን መውጣት ያቅተዋል።

ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ እንዳይመስለን ጥቂት ወደ ሩቅ ሰሜን እንሻገር። አባቶቻችን ስዊድንን የሚያውቋት በሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት መኮንኖቿና የኢትዮጵያን አየር ኃይል ባደራጀው በካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነበር። በዚያች ሀገር፣ ጎተንበርግ በምትባል የወደብ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት መካከል አት ዘ ጌትስ፣ ኢን ፍሌምስ፣ ዳርክ ትራንኩዊሊቲ የተባሉ የወጣቶች ባንዶች ዴዝ ሜታል የሚባለውን አስፈሪ ሙዚቃ ይዘው ተነሡ፤ ዘፋኙ አይዘፍንም፣ ከጉሮሮው ሥር ያገሳል፤ ከበሮው እንደ ፈረስ ግልቢያ ይሮጣል፤ ጊታሮቹም ከመደበኛው ዝቅ ብለው የተቃኙ ናቸው። አት ዘ ጌትስ እ.ኤ.አ. በ1995 ስቱዲዮ ፍሬድማን በተባለው ቤት ቀድተው ያወጡት፣ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የነፍስ እርድ» የሚሆነው አልበም፣ ዐሥራ አንድ ዘፈን በ34 ደቂቃ አጭቆ የያዘ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ማንን ያስደስታል? ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ነገር ግን ልብ ብሎ የሚያደምጥ ሰው ከጩኸቱ ሥር ሁለት ጊታሮች ጎን ለጎን ሐዘንተኛ ዜማ ሲያወርዱ ይሰማል፤ ባንዱ በማግሥቱ ዓመት ቢበተንም፣ አልበሙ እስከ ዛሬ የሚወደደው በዚያ ዜማ ነው። ስዊድኖቹ ጭካኔውን ለድምፅ፣ ዜማውን ለመሣሪያ ሰጡ፤ ማሕሙድና አይቤክስ ደግሞ ክብደቱን ለቤዝና ለሳክስፎን፣ ዜማውን ለሰው ጉሮሮ ሰጡ። ከሁለቱ የትኛውን ትመርጣለህ ብባል የሰውን ጉሮሮ እመርጣለሁ፤ ይህን የምለውም ሐበሻ ስለሆንሁ ብቻ አይደለም፤ ጊታር ማልቀስ ቢችልም መቅለስለስ አይችልምና። የሁለቱ አድማጮች ረኃብ ግን አንድ ነው።

ሸክላው የወጣበት ጊዜ ለሙዚቃ ክፉ ነበረ። ደርግ ሰዓት እላፊ በማወጁ፣ ለዓመታት የፒያሳ ሌሊት በጊዜ ተዘጋ፤ ክበቦቹ ወይ ከሰሩ ወይም ሰው እስኪነጋ ተቆልፎባቸው የሚጨፍርባቸው ሆኑ። አቶ አምሃ እሸቴ በዚያው እ.ኤ.አ. በ1975 ሀገራቸውን ለቀው ወደ አሜሪካ ተሰደዱ፤ የተመለሱት ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ያረፉትም በ2013 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ ካሴት ሸክላን ከገበያ አስወጣው፤ ካሴት ርካሽ ነው፣ በቤት ይገለበጣል፣ ከውጭ ሀገር ማተሚያ ቤት ጋር መጻጻፍ አይጠይቅም። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ እንደ ቆጠረው፣ በዚያ ዐሥር ዓመት የማይሞላ ዘመን በሀገራችን የታተሙት ትንንሾቹ ሸክላዎች 500 ያህል፣ ትልልቆቹ 30 ያህል ብቻ ናቸው።

ይህ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ1984 ፈረንሳይ ሀገር ከወዳጆቹ ጋር ሳለ የማሕሙድን ሸክላ በድንገት ሰምቶ፣ ከየት የመጣ ሙዚቃ እንደሆነ የሚነግረው ሰው ቢያጣ፣ በማግሥቱ ዓመት ዘፋኙን ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1986 ክራምድ ዲስክስ የተባለ የቤልጂግ አሳታሚ «ኧረ መላ መላ»ን ለአውሮፓ አወጣው። ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶም ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የተባሉትን ተከታታይ ሲዲዎች በፓሪስ ማሳተም ጀመረ፤ ከእነዚህም ሰባተኛው ለዚሁ ለማሕሙድ ሸክላ የተሰጠ ነው። ሰውየውን ማመስገን ይገባል፤ አመስግነንም እናበቃለን። ይሁንና በጋዜጦቻችን ይህን ሙዚቃ ፈረንሳዊው «አገኘው» ተብሎ ሲጻፍ ሳነብ አልስማማም፤ የጠፋ ነገር ነው የሚገኘው፤ «ኧረ መላ መላ» ግን ፈረንጅ ሳይሰማው በፊት በየሰርጉ፣ በየታክሲው፣ በየጫት ቤቱ ሲዘፈን የኖረ ነው። የጠፋው ዘፈኑ ሳይሆን ሸክላው ነበር፤ ያጠፋነውም እኛ ነን።

ፒያሳ የራሷን ዕዳ በራሷ መንገድ ከፍላለች። በማሕሙድ ስም የተጠራው ሙዚቃ ቤት ለብዙ ዓመታት የፒያሳ የቀጠሮ ቦታ ሆኖ፣ «ማሕሙድ ጋ እንገናኝ» የተባባለ ወጣት ሁሉ በደጃፉ ቆሞ ሳያውቀው አዲስ የወጣ ዘፈን ሲሰማ ኖሯል፤ ትዳራቸው ከዚያ ደጃፍ የተጀመረ ስንት ሰዎች እንዳሉ እግዚአብሔር ይወቅ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የፒያሳ አሮጌ ቤቶች በብዛት ሲፈርሱና ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ሠፈር ሲዛወሩ፣ ጓዝ በሚጠቀለልበት ሰዓት ማንም ቆም ብሎ የማይመለከተው ነገር፣ በቁም ሣጥን አናት ላይ አቧራ የጠጣ ሸክላ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ወይም በአያትህ ቤት ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላ ቢገኝ፣ ማጫወቻ የለንም ብለህ አትጣለው፤ የውጭ ሀገር ሰብሳቢ በርካሽ ገዝቶ በውድ እንደሚሸጠው እወቅና ለመንገድ ነጋዴም አትስጠው። ሳይታጠፍ በቁመቱ አቁመህ፣ ከፀሐይ አርቀህ አስቀምጠው፤ የአሳታሚውን ስምና በመለያ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ጻፍ፤ ከዚያም ድምፁ እንዲገለበጥ ወደ ቤተ መዛግብት ወይም ወደ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ውሰደው።