በረዶው ከመምጣቱ በፊት፦ የጀርመን ጦር ሶቪየት ኅብረትን ሲወር እንዴት ተደራጅቶ ነበር?

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወሬ በተነሳ ቁጥር ሁለት አባባሎች አይጠፉም። አንደኛው «ጀርመንን ያሸነፋት በረዶው ነው እንጂ ያ ሁሉ ታንክ የሚበገር አልነበረም» የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ወታደሩ ምን አደረገ? ግፉን የሠሩት የሂትለር ነፍሰ ገዳዮች ናቸው» የሚለው። ቾክ ይዤ ሰሌዳ ፊት በቆምኩባቸው ዓመታት ሁሉ ስሰማቸው ኖሬያለሁ፤ አሁንም በውስጥ መስመር ይመጡልኛል። ፊልሙም ዩቲዩቡም የሚያስተምረው ይኼንኑ ነው።

እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። ምክንያቴን ለመናገር ግን ከሞስኮ በረዶ ወይም ከስታሊንግራድ አልጀምርም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና የምጀምረው የመጀመሪያዋ ጥይት ከመተኮሷ በፊት ከነበረው የጦሩ አደረጃጀት ነው። ማን በማን ሥር ነበር? ማን በመኪና፣ ማን በእግሩ ሄደ? ከኋላ የተከተለውስ ማን ነው? ይህን ያየ ሰው የቀረውን ታሪክ ግማሹን ያውቀዋል።

ቀኑ እሑድ ሰኔ 15 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጋት ላይ ነው፤ በፈረንጆቹ ጁን 22 ቀን 1941። ቀኑን ለማስታወስ ለእኛ አይከብድም። ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ከገቡ ሰባት ሳምንት ቢሆን ነው፤ ጎንደርም ገና በጣሊያን እጅ ነበረች። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ወራትና ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

▪ ከላይ፦ ብዙ አለቃ

የጀርመን ጦር በሥርዓቱ የታወቀ ነው አይደል? እስቲ አናቱን እንየው።

ከሁሉም በላይ ሂትለር አለ። ከሥሩ ሁለት ጠቅላይ መምሪያዎች አሉ። አንደኛው የጦር ኃይሎች ጠቅላይ መምሪያ ሲሆን ካይትልና ዮድል የሚመሩት ነው። ሁለተኛው የምድር ጦር ጠቅላይ መምሪያ ነው፤ አዛዡ ፊልድ ማርሻል ብራውኺትሽ፣ ኤታማዦር ሹሙ ደግሞ ጄኔራል ሃልደር ናቸው። የምሥራቁን ዘመቻ ያቀደውና የሚመራው ይኼኛው ነው። ይሁንና ከኖርዌይ ተነስቶ በፊንላንድ በኩል የሚያጠቃው ጦር ትእዛዝ የሚቀበለው ከመጀመሪያው መምሪያ ነበር። አየር ኃይሉ ደግሞ የጎሪንግ ነው። የምድር ጦሩን ያግዛል እንጂ አይታዘዘውም። በዚህ ላይ ሂምለር የሚያዛቸው የኤስኤስና የፖሊስ ኃይሎች አሉ። እነርሱን በኋላ እመለስባቸዋለሁ።

እንግዲህ አንድ ጦርነት፣ አራት በር። ሁሉም በሮች የሚገናኙት አንድ ሰው ጋ ብቻ ነው።

▪ ሦስቱ የሠራዊት ቡድኖች

ወታደር ቤት ያልነበራችሁ እንዳትጠፉ ደረጃውን ላስታውሳችሁ። ሻለቆች ተሰብስበው ሬጅመንት፣ ሬጅመንቶች ተሰብስበው ክፍለ ጦር ይሆናሉ። ክፍለ ጦሮች ኮር፣ ኮሮች አንድ ሙሉ ጦር ይሆናሉ። ጦሮቹ ሲደመሩ የሠራዊት ቡድን ይባላል። ጀርመን ለዚህ ወረራ ሦስት የሠራዊት ቡድኖች አሰለፈች።

የሰሜኑ ቡድን፣ አዛዡ ፊልድ ማርሻል ቮን ሌብ። 16ኛውና 18ኛው ጦር፣ እንዲሁም በሆፕነር የሚመራው 4ኛው የፓንዘር ቡድን ከሥሩ ናቸው። መነሻው ምሥራቅ ፕሩሲያ፣ መድረሻው ሌኒንግራድ።

የመካከሉ ቡድን፣ አዛዡ ፊልድ ማርሻል ቮን ቦክ። 4ኛውና 9ኛው ጦር ከሥሩ ነበሩ። ከሁሉም የጠነከረው እሱ ነው፤ የጉደሪያን 2ኛ እና የሆት 3ኛ የፓንዘር ቡድኖች ሁለቱም ተሰጥተውታል። መንገዱ በሚንስክ፣ በስሞሌንስክ አድርጎ ወደ ሞስኮ ያመራል።

የደቡቡ ቡድን፣ አዛዡ ፊልድ ማርሻል ቮን ሩንድሽቴት። 6ኛው፣ 17ኛውና 11ኛው ጦር፣ እንዲሁም የክላይስት 1ኛ የፓንዘር ቡድን ነበሩት። የሩማንያ ጦርም ከጎኑ ተሰልፏል። ዒላማው ኪየቭና የዩክሬን የእህል ምድር ነው።

ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ አንድ የአየር መርከቦች ክፍል ተመድቧል። በመካከሉና በደቡቡ ቡድን መሃል ደግሞ የፕሪፕያት ረግረግ ተዘርግቷል። ታንክ አይሻገረውም፤ ስለዚህ ሁለቱ ቡድኖች በየፊናቸው ነው የሄዱት።

ጠቅላላው ሲደመር ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ የጀርመን ወታደር፣ ወደ 150 ክፍለ ጦር፣ ከ3,300 በላይ ታንክ፣ 600 ሺህ ያህል ተሽከርካሪ ይሆናል። የፊንላንድና የሩማንያ ጦር በዚህ ላይ ይጨመራል። የሰው ልጅ ታሪክ እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ያለ ወረራ አላየም።

▪ የጦሩ ጫፍና ዘንግ

አሁን ቁጥሩን ገለጥ አድርገን እንየው። ከ150ው ክፍለ ጦር ውስጥ ፓንዘር የሆኑት 17 ናቸው። በመኪና የሚጓዙትን ስንጨምር ወደ 30 ይደርሳሉ። በሌላ አነጋገር ከአምስቱ አንዱ ብቻ ነው በሞተር የሚንቀሳቀሰው። የቀሩት አራቱስ? በእግራቸው። መድፋቸውን፣ ጥይታቸውን፣ ወጥ ቤታቸውን የሚጎትተው ፈረስ ነው። ለዚህ ዘመቻ ጀርመን ያሰለፈችው ፈረስ 600 ሺህ ያህል ነበር። ከተሽከርካሪው ቁጥር ጋር አስተያዩት! አንድ የእግረኛ ክፍለ ጦር ብቻውን ወደ 17 ሺህ ሰውና ወደ 5 ሺህ ፈረስ ይዞ ይንቀሳቀሳል።

ፊልሙ የሚያሳየን የጦሩን ጫፍ ነው፤ ብረቱን። ዘንጉ ግን የናፖሊዮን ወታደር ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በሄደበት ፍጥነት የሚሄድ እግረኛ ነበር።

ብረቱም ቢሆን ውስጡ ሲታይ እንደ ስሙ አይደለም። በ1940 ፈረንሳይን ስትወር ጀርመን 10 ፓንዘር ክፍለ ጦሮች ነበሯት። በዓመቱ 21 አደረሰቻቸው። እንዴት? በዋናነት የእያንዳንዱን ክፍለ ጦር ታንክ ቀንሳ በማካፈል። በፊት ሁለት የታንክ ሬጅመንት የነበረው አሁን አንድ ሆነለት። ሂትለር የክፍለ ጦር ቁጥር በእጥፍ አደገ ብሎ ካርታው ላይ አየ፤ ታንኩ ግን በእጥፍ አላደገም። ከተሰለፉት ታንኮች ከግማሽ ያላነሱት ቀላል ታንኮች ነበሩ፤ ከቼኮዝሎቫኪያ የተወሰዱትም ከእነዚሁ ውስጥ ናቸው። ተሽከርካሪውም ቢሆን ብዙው ፈረንሳይንና ሌላውን አገር ከያዙ በኋላ የለቀሙት ነው። መለዋወጫው እንዴት እንደሚገኝ መካኒክ የሆነ ወዳጅ ካላችሁ ጠይቁት።

በሜዳ ላይ ምን ሆነ? ፓንዘሮቹ በሳምንት ውስጥ ሚንስክ ደረሱ። ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ የቀይ ጦር ወታደር በከበባ ተያዘ። ነገር ግን ከበባውን የሚዘጋው እግረኛ ገና ከኋላ ነው፤ በቀን 30 እና 40 ኪሎ ሜትር በአቧራ ውስጥ እየተራመደ። በመሃል በተፈጠረው ክፍተት ብዙ ሺህ የሶቪየት ወታደር ሾልኮ ወጣ፤ ጫካም ገባ። ጉደሪያን ወደፊት ልሂድ ይላል፣ የ4ኛው ጦር አዛዥ ክሉገ ቆይ ይለዋል። ጠባቸው የጠባይ ብቻ አልነበረም፤ ከአደረጃጀቱ የመጣ ነው። ጫፉና ዘንጉ በተለያየ ፍጥነት ሲሄዱ ጦሩ ይላቀቃል።

▪ ስንቅ

የስንቅና ትጥቁ ኃላፊ ጄኔራል ኤድዋርድ ቫግነር ነበር። የእሱ መሥሪያ ቤት ስሌት ግልጽ ነው፦ በጭነት መኪና ስንቅ ማድረስ የሚቻለው እስከ 500 ኪሎ ሜትር ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ቆም ብሎ ባቡር መጠበቅ ግድ ይላል። ሞስኮ ግን ከድንበሩ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ይርቃል።

ባቡሩስ? የጀርመን ሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሶቪየቱ ከዚያ በ9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ስለዚህ የባቡር መሐንዲሶች እያንዳንዱን ሐዲድ እየነቀሉ ማጥበብ ነበረባቸው። አገሩ ደግሞ ወደ ምሥራቅ በተሄደ ቁጥር እየሰፋ ይሄዳል። ጦሩ ግን አይሰፋም።

ይህን ሁሉ እያወቁ እንዴት ገቡበት? መልሱ ቀላል ነው። ዕቅዱ ቀይ ጦር ከዲኒፐርና ከድቪና ወንዞች ወዲህ ይደመሰሳል የሚል ነበር። ከ500ው ኪሎ ሜትር በኋላ የሚዋጋ ጠላት የለም ብለዋል! ለዚህ ነው ምትክ የሚሆን የሠለጠነ ሰው ከ400 ሺህ በታች የያዙት። ለዚህ ነው የብርድ ልብስ ያሰቡት ከድሉ በኋላ አገር ጠባቂ ሆኖ ለሚቀረው ጦር ብቻ የሆነው።

ሃልደር በጁላይ 3 ማስታወሻው ላይ ዘመቻው በሁለት ሳምንት ውስጥ አልቋል ለማለት የሚያስደፍር ነገር ጽፏል። በኦገስት 11 ደግሞ ያው ሰው 200 ያህል የጠላት ክፍለ ጦር ጠብቀን አሁን 360 ቆጥረናል ብሎ ጻፈ። ኦገስት ሲያልቅ የጀርመን ሙት፣ ቁስለኛና የጠፋ ወደ 400 ሺህ ደርሷል። ምትኩ አለቀ ማለት ነው። በዚያው ወር ወደ ሞስኮ ወይስ ወደ ኪየቭ በሚል ሂትለርና ጄኔራሎቹ ገና ይከራከሩ ነበር። ልብ በሉ፤ ጊዜው ኦገስት ነው፣ ፀሐይ ነው። በረዶ የሚባል ነገር የለም።

▪ ከኋላ የተከተለው

አሁን ወደ ሁለተኛው አባባል ልምጣ። ቀደም ብዬ እመለስበታለሁ ያልኩት ይኼን ነው።

በዚያው የአደረጃጀት ሠንጠረዥ ላይ አይንዛትስግሩፐን የሚባሉ አራት የግድያ ቡድኖች ነበሩ፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ። ኤ ከሰሜኑ፣ ቢ ከመካከሉ፣ ሲ ከደቡቡ የሠራዊት ቡድን ጋር፣ ዲ ከ11ኛው ጦር ጋር ተመደቡ። አራቱም ተደምረው 3,000 ሰው ቢሆኑ ነው። ከእነርሱ ሌላ ለየሠራዊት ቡድኑ የኋላ ቀጣና አንድ አንድ የኤስኤስና የፖሊስ ከፍተኛ አዛዥ ከነፖሊስ ሻለቆቹ ተመድቦለታል። የምድር ጦሩም ራሱ ለኋላ ቀጣናው ዘጠኝ የጥበቃ ክፍለ ጦሮች አደራጅቷል፤ ለየሠራዊት ቡድኑ ሦስት ሦስት።

እነዚህ ሰዎች ከጦሩ ተደብቀው አልሄዱም። በኤፕሪል 28 ቀን 1941 የምድር ጦሩ ከሃይድሪሽ ጋር ተስማምቷል፤ ስንቃቸውን፣ ነዳጃቸውንና ማረፊያቸውን የሚሰጣቸው ጦሩ ነው። በሜይ 13 ወታደር በሰላማዊ ሰው ላይ ለሚፈጽመው ወንጀል መከሰስ እንደማይገባው የሚያደርግ ትእዛዝ ወጣ። በጁን 6 ደግሞ የተማረኩ የፖለቲካ ኮሚሳሮች እንዲገደሉ የሚያዘው መጣ። በሜይ 2 የተደረገው የባለሥልጣናት ስብሰባ ቃለ ጉባዔም አለ። የጀርመን ጦር ስንቁን ከሩሲያ እንዲያገኝ፣ በዚህም ሳቢያ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ በረሃብ እንደሚያልቅ በግልጽ ያሰፈረ ነው።

ይህ ሁሉ የተጻፈው ከጁን 22 በፊት ነው። በጦርነት ንዴት፣ በበቀል የመጣ አይደለም።

ፍሬውን ታውቁታላችሁ። በሴፕቴምበር 29 እና 30 ኪየቭ አጠገብ ባቢ ያር በሚባለው ሸለቆ 33,771 አይሁዳውያን ተረሸኑ። ቁጥሩ የገዳዮቹ የራሳቸው ሪፖርት ነው። ከተማዋ የነበረችው በ6ኛው ጦር ቀጣና ነው። በጠቅላላው ጦርነት ከተማረኩት 5.7 ሚሊዮን የሶቪየት ወታደሮች 3.3 ሚሊዮን ያህሉ በረሃብ፣ በብርድና በጥይት አለቁ። እነዚያን ምርኮኞች የያዘው መደበኛው ጦር ነበር።

▪ እንግዲህ

ሽንፈቱና ወንጀሉ ሁለት የተለያዩ ታሪኮች ሆነው ሲነገሩ እሰማለሁ። እኔ ግን ከአንድ እናት የተወለዱ ናቸው ባይ ነኝ፤ እናታቸውም ንቀት ናት። ተጠባባቂ ኃይል ያልያዙት፣ ስንቁን ያላሟሉት፣ የብርድ ልብስ ያላሰቡት «ይኼ ሕዝብ ሁለት ወር አይቆምም» ብለው ነው። የግድያ ቡድኑን በሠንጠረዣቸው ላይ ያሰፈሩት ያንኑ ሕዝብ ከሰው ባለመቁጠራቸው ነው። የሶቪየት ወታደር ግን ተከቦም ተዋጋ፤ ከኋላው ያለው ሕዝብም ፋብሪካውን ነቅሎ ወደ ኡራል ወሰደ። በረዶው ሲመጣ ያገኘው እግሩ የዛለ፣ ታንኩ የቆመ፣ ምትኩ ያለቀ ጦር ነው። በረዶው ያባሰው ነገር ብዙ ነው፤ የጀመረው ግን አልነበረም።

ይህን የምጽፈው የጀርመንን ጦር «ዲሲፕሊን» እያነሱ ሲያደንቁ የምሰማቸው ወጣቶች ስላሉ ነው። ሥርዓት ብቻውን የሚደነቅ ነገር አይደለም። ሥርዓት ምን ለማድረግ ተዘረጋ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ስለ የትኛውም ጦር፣ በየትኛውም ዘመን ስታነቡ ታንኩን ከመቁጠራችሁ በፊት ሁለት ነገር ፈልጉ፦ ስንቁ ከየት ይመጣል? ከኋላውስ የሚከተለው ማን ነው?

የተለየ ሐሳብ ያላችሁ በኮሜንት ጻፉልኝ፤ በጨዋ ደንብ እንከራከር። ለልጆቻችሁም አስነብቧቸው። ሰላም ሁኑ።