ትሉና ተማሪው

አክሱም በ6ኛው መቶ ዓመት የነገሥታት ከተማ ነበረች። ረዣዥም ሐውልቶቿ ቆመው ይታዩ ነበር፤ መስቀል የተቀረጸበት ገንዘቧም ከአገር አልፎ ይታወቅ ነበር። ንጉሧ አጼ ካሌብ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ525 ዓ.ም. ገደማ፤ ስለ ናግራን ክርስቲያኖች ደም፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ዘመተ። ይህንን ዘመቻ የግሪክና የሶርያ ጸሓፊዎች ሳይቀሩ መዝግበውታል። በዚያው መቶ ዓመት፤ ከዚያችው ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ፤ አንድ ትል ዛፍ ሲወጣ ወደቀ። ይህን ያየው አንድ ከትምህርት ቤት የኰበለለ ልጅ ብቻ ነው።

ልጁ ያሬድ ነበር። አባቱ በሞተ ጊዜ እናቱ ለዘመዱ ለመምህር ጌዴዎን እንደ ሰጠችው ትውፊት ይነግረናል። ጌዴዎን በአክሱም ጽዮን የሚያስተምር ዐዋቂ ሰው ነበረ፤ ብላቴናው ግን ትምህርቱ አልገባው አለ። ሰባት ዓመት እንዲህ አለፈ ይላሉ። በአብነት ትምህርት ቤት ያደገ ሰው የዚህን ክብደት ሳይነግሩት ያውቀዋል፤ ትናንት ፊደል የጀመረው ሕፃን ዛሬ ዳዊት ሲደግም፤ ያ ትልቁ ልጅ ገና በመጀመሪያው ገጽ ላይ ተቀምጦ ይታያል። ጓደኞቹ ይሥቃሉ፤ መምህሩም አለንጋ ያነሣል። ጌዴዎንም አንሥቶ መታው።

እንግዲህ ልጁ ሸሸ። ማይ ኪራሕ በሚባለው ስፍራ፤ ከፀሓይ ለመጠለል ከአንድ ዛፍ ሥር ዐረፈ። በዚያም ትሉን አየ። ስንክሳር በግንቦት 11 ቀን ንባቡ እንደሚተርከው፤ ትሉ እስከ ዛፉ አጋማሽ ይወጣል፤ ከዚያም ወደ ምድር ይወድቃል፤ ይህን ብዙ ጊዜ ከአደረገ በኋላ በብዙ ድካም ወደ ላይ ወጣ። ቍጥሩን ስድስት መውደቅና በሰባተኛው መውጣት ያደረገው የሕዝቡ ትረካ ነው፤ ይህም ከልጁ ሰባት ዓመት ጋራ ይገጥማል።

ገድሉም ስንክሳሩም የተጻፉት ቅዱሱ ካለፈ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ስለ ኾነ፤ ታሪክን የሚመረምር ሰው እያንዳንዱን ቃል እንደ ዐይን ምስክር ቃል አይቈጥረውም። ነገር ግን አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። የቅዱሳንን ገድል የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ድንቅ ነገርን ይወዳሉ፤ በዚህ ስፍራ ግን መልአክ አልወረደም፤ ድምፅ ከሰማይ አልተሰማም። የተገኘው ትል ነው፤ በየእርሻውና በየአጥሩ የሚታይ፤ ሰው ረግጦት የሚያልፈው። ትሉም ለማስተማር አልወጣም፤ የሚሻው ምግቡን ነበር። ብላቴናው በራሱ ውርደት ውስጥ ኾኖ ስለ ተመለከተው ግን መምህር ኾነለት። ሳይደበደብ፤ ሳይዋረድ በዚያ ያለፈ ሌላ ሰው ቢኾን ምናልባት ዛፉን እንጂ ትሉን ባላየ ነበር።

ይህ ታሪክ ሲነገር ኹሉ ሰው ትሉን ያነሣል፤ ጌዴዎንን ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ልጁ ተመልሶ ይቅርታ ሲለምን መምህሩ በሩን ሊዘጋበት ይችል ነበር። ሰባት ዓመት ደክሞበታል፤ ተማሪውም ጥሎት ሄዷል። እርሱ ግን ተቀበለው። ትሉ ወደ ዛፉ ጫፍ ቢደርስ፤ ያሬድም የትሉን ምሳሌ ቢይዝ፤ የሚቀበለው መምህር ባይኖር ኖሮ ነገሩ በማይ ኪራሕ በቀረ ነበር። አለንጋው በታሪኩ ውስጥ መኖሩ አያስመሰግነውም፤ መቀበሉ ግን ትልቅ ነገር ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የታወቀ ነው። ያሬድ በእንባ ጸለየ፤ ልቡናው ተከፈተለት፤ ዲያቆን ኾነ። በግዕዝ፤ በዕዝልና በዓራራይ ዜማ ድጓን፤ ጾመ ድጓን፤ ምዕራፍን፤ ዝማሬንና መዋሥዕትን እንደ ሠራ ቤተ ክርስቲያን ታምናለች። በካሌብ ልጅ በአጼ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር፤ ንጉሡ የተመረኰዘው ጦር እግሩን ቢወጋው፤ ዘማሪውም ንጉሡም ደሙ እስኪፈስ ድረስ እንዳላወቁ ይተረካል። ንጉሡም ደንግጦ የምትሻውን ለምነኝ ቢለው፤ ያሬድ ሹመትና ርስት አልለመነም፤ ወደ ሰሜን ሄዶ በምነና ለመኖር ፈቃድ ጠየቀ እንጂ።

ዜማው ግን በተማሪዎች አፍ ቀረ። ዛሬ በድጓው ቃላት ራስ ላይ የሚታዩት ምልክቶች፤ ድፋት፤ ጭረት፤ ርክርክና ሌሎቹ፤ የመጡት በ16ኛው መቶ ዓመት በአጼ ገላውዴዎስ ዘመን ሲኾን፤ ሥራው የአዛዥ ጌራና የአዛዥ ራጉኤል እንደ ኾነ ይነገራል። ከያሬድ እስከ እነርሱ ያለው ወደ 1000 ዓመት የሚጠጋ ዘመን ነው፤ ይህን ኹሉ ዘመን ዜማው የተሻገረው መምህር ሲያዜም ተማሪው እየተቀበለ፤ ሲሳሳትም እየታረመ ነው። ምልክቱ ከተሠራ በኋላም ቢኾን ድካሙ አልቀለለም። የድጓ ማስመስከሪያ በኾነችው በጋይንት ቤተ ልሔም ለመመስከር የሚሻ ተማሪ ብዙ ዓመት ይማራል። ቀን በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ የለመነውን ቍራሽ በአኰፋዳው ይዞ ይመለሳል፤ ሌሊት ቃሉን ያጠናል።

መጽሐፉን በገዛ እጁ የሚጽፍ ተማሪም ብራናውን ዳምጦ፤ ቀለሙን በጥብጦ፤ ከቃሉ በላይ ምልክቱን አንድ በአንድ ያኖራል። አንዱን ከስፍራው ያሳተ እንደ ኾነ በሰንጢ ይፍቀዋል፤ የተፋቀውን ስፍራ ያለሰልሰዋል፤ እንደ ገናም ይጽፋል።