ከመደብ እስከ ሶፋ፦ የመቀመጫዎቻችን ስሞች ታሪክ

አባላት በብድር ማመልከቻቸው ላይ ከሚዘረዝሯቸው የቤት ዕቃዎች መካከል ሶፋ አይጠፋም። መደብ ግን ተጽፎ አይተን አናውቅም። ሶፋ ወደየቤታችን ከመግባቱ በፊት እናቶቻችንና አያቶቻችን እንግዳ የተቀበሉት በመደብ ላይ ነውና፣ በዚህ እትም የመቀመጫዎቻችንን ስሞች ታሪክ ልናካፍላችሁ ወደድን።

መደብ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ በድንጋይና በጭቃ የሚሠራ ከፍ ያለ መቀመጫ ነው። ቀን ይቀመጡበታል፣ ማታ ይተኙበታል። ጭቃውን በጭድ አቡክታ፣ በእበት ለቅልቃ፣ በየጊዜው የምታድሰው ሴቷ ናት። ከላዩ የሚነጠፈው እንደ አቅም ነው፦ ከበሬ ቆዳ ጀንዲ፣ ከበግ ቆዳ አጎዛ። በሐረር ባህላዊ ቤትም ነደባ የሚባሉ አምስት መደቦች አሉ፤ ማን በየትኛው እንደሚቀመጥም የታወቀ ነው።

ወንበር የመጣው መንበር ከሚለው የግእዝ ቃል ነው፤ ግሱም "ነበረ"፣ ማለትም "ተቀመጠ" ነው። ወንበር ከዕቃነቱ አልፎ የሥልጣን ስም ሆኖ ኖሯል። በድሮው ችሎት ዳኞቹ ራሳቸው "ወንበሮች" ይባሉ ነበር። በቅኔ ቤት አገራችን በጎጃምም "ወንበር ዘረጋ" ከተባለ ተማሪ ሰብስቦ ማስተማር ጀመረ ማለት ነው። የሴቷ መቀመጫ ግን ምድጃ ዳር ያለችው ዝቅተኛ ዱካ ወይም በርጩማ ነበረች። ቡና ስናፈላ ዛሬም ከእሷ አልተለየንም።

ፎቴ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። የሶፋ መነሻ "ሱፋ" የሚለው የዐረብኛ ቃል ሲሆን በቱርክና በአውሮፓ ዞሮ ደርሶናል። መጅሊስም ዐረብኛ ነው፤ የመቀመጫ ቦታ ማለት ነው። ዐረብ አገር ሠርተው የተመለሱ እኅቶቻችን በደንብ ያውቁታል።

እኛን የሒሳብ ሰዎችን የሚደንቀን ግን ዲቫን ነው። በፋርስ ቋንቋ መጀመሪያ መዝገብ፣ የገቢና የወጪ ደብተር ማለት ነበር። ቀጥሎ መዝገቡ የሚያዝበት ቢሮ፣ ከዚያ የምክር አዳራሽ፣ በመጨረሻም በአዳራሹ ግድግዳ ዙሪያ ያለው ባለትራስ መቀመጫ በዚሁ ስም ተጠራ። የእኛም መደብ በቤትም በመዝገብም ይገኛል፦ ወጪ ስንመዘግብ "የሒሳብ መደብ" እንላለን። የጉልት ነጋዴዋ ዕቃዋን ዘርግታ የምትቀመጥበት ቦታም መደብ ነው።

ነገሩ የቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የክልላችን የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት በጋብቻ ዘመን ያፈሩትን ንብረት የጋራ ያደርገዋል። ንብረት ሲቆጠር ግን ደረሰኝ ያለው ሶፋ ቀድሞ ይጻፋል፤ ሴቷ በእጇ የሠራችው መደብ፣ ልስኑና ምድጃው ዋጋ ሳይወጣላቸው ያልፋሉ። ስለዚህ እኅቶች፣ የንብረት ቅጽ ስትሞሉ በእጃችሁ የሠራችሁትንም ጻፉ፤ የፈጀባችሁን ቀንና የገዛችሁትን ጭድ ጭምር። እናቶቻችንም የሚያውቁትን የመቀመጫ ስም ሁሉ በሚቀጥለው ስብሰባ ይንገሩን፤ እንመዘግበዋለን።